ቀድመው የመጡት ሽማግሌዎች

በቤታችን ጥርጣሬ የእናቴ ነው። በር ሲንኳኳ «ማነው?» አትልም፤ «ምን ፈልጎ ነው?» ነው የምትለው። እኔ ያንን ከእሷ ወርሼ ሒሳብ ጨመርኩበት። «ያልጠረጠረ ተመነጠረ» የሚለውን ተረት ሌላው ለጨዋታ ይጠቅሰዋል፤ እኔ ኖሬበታለሁ። እስካሁንም ሰው በደግነት ፈገግ ሲልልኝ መጀመሪያ የማየው ከኋላው ማን እንደቆመ ነው።

ሒሳብን የወደድኩትም በዚሁ ጠባዬ ይመስለኛል። ሌላው ትምህርት ሁሉ እመኑኝ ይላል። የጂኦግራፊው መምህር እንዲህ ነው ካለ በቃ እንዲህ ነው። ሒሳብ ግን አትመኑኝ፣ ራሳችሁ አረጋግጡ ይላል፤ ከተማችን ከሚሴ ውስጥ እንደዚያ ብሎ የሚያናግረኝ ሌላ አልነበረም። እስከ ስምንተኛ ክፍል በኦሮምኛ «ሄሬጋ» እያልን የተማርነው ነገር ዘጠነኛ ስንገባ ድንገት በእንግሊዝኛ ሆነብን። ታሪኩም ባዮሎጂውም ጠፋብኝ። ቁጥሩ ግን ያው ቁጥር ነበር።

ዘጠነኛ በገባሁ ሰሞን ዕቅድ አወጣሁ። የምተኛበት ጓዳ መስኮት የእንጨት መዝጊያ ነበረው፤ ሲከፈት ወደ ግድግዳው ስለሚዞር ውስጠኛው ፊቱ ቀን ቀን አይታይም። እዚያ ላይ በጠመኔ ጻፍኩ። ዐሥረኛን ማለፍ፣ መሰናዶ መግባት፣ ተፈጥሮ ሳይንስ መምረጥ፣ ዩኒቨርሲቲ፣ ሒሳብ። ከጎኑ የምገባባቸውን ክበቦች ጻፍኩ። ክበብ ለዩኒቨርሲቲ እንደማይቆጠር የክፍል ጓደኞቼ ሲነግሩኝ አላመንኳቸውም። አንድ ሰው በነፃ «ይህ አይጠቅምሽም» ካለኝ ለእሱ የሚጠቅመው ነገር አለ ማለት ነው ብዬ ነበር የማስበው።

ከክበቦቹ ሁሉ የምፈልገው የሒሳቡን ነበር። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ይሰበሰባል፤ የሚመራው ከጎጃም የመጣ ወጣት መምህር ነው፤ አባላቱ በሙሉ ወንዶች ናቸው። ለመሰናዶ ፈተና የሚያዘጋጀው እሱ፣ ደሴ ለጥያቄና መልስ ውድድር የሚወስደውም እሱ። አባቴን አስፈቅጅልኝ ብዬ እናቴን ላክሁ። አባቴ የከብት ነጋዴ ነው፤ እሑድ ሰንበቴ፣ ሰኞ ባቲ፣ በቀሩት ቀናት በረቱ ውስጥ ነው የሚገኘው። መልሱን ከዚያው ከበረት ሆኖ ላከልኝ።

«ቅዳሜ ትምህርት የለም። ትምህርት በሌለበት ቀን ትምህርት ቤት ውስጥ ምን አለ?»

ጥያቄው አናደደኝ፤ ልንቀው ግን አልቻልኩም። እኔም ብሆን እጠይቀው ነበር።

ለመምህሩ ነገርኩት። «አባትሽን እኔ ላናግራቸው» አለ። ግን አገሩን ስለማያውቅ የትምህርት ቤቱን ዘበኛ ምክር ጠየቀ። ዘበኛው ጥምጥማቸው የማይፈታ፣ የማያውቁት ቤት የሌለ አዛውንት ናቸው። «እዚህ አገር ትልቅ ነገር በባለጉዳዩ አፍ አይጠየቅም፤ ሰው ይላካል» አሉት። መምህሩም «እንግዲያው ይላክልኝ» አለ። ምን እንደሚላክለት አልጠየቀም።

አንድ ሐሙስ በማለዳ ሦስት ሰዎች የግቢያችንን በር አንኳኩ። ዘበኛው ናቸው፣ አንድ የመስጊድ ሽማግሌ፣ እና ከሚሴ ውስጥ ያረጁ፣ ጡረታ የወጡ ክርስቲያን ጸሐፊ።

«አሰላሙ አለይኩም።»

«ወአለይኩሙ ሰላም፤ ግቡ እንጂ» አለ አባቴ። ገቡ። «ተቀመጡ።» አልተቀመጡም።

ጓዳ ውስጥ የእናቴ እጅ ቀጥ አለ። ተቀመጡ ሲባል የማይቀመጥ ሽማግሌ በእኛ አገር አንድ ጉዳይ ብቻ ነው ያለው። በመጋረጃው ክፍተት ብመለከት ዘበኛው በብብታቸው በኮባ የተጠቀለለ ጫት ይዘዋል። የሚሉት እስኪሰማ አልጠበቅሁም፤ ዕንባዬ ቀድሞ መጣ።

«እንግዲህ የመጣነው» አሉ ዘበኛው፣ ስንት ሴት ባስዳሩበት ድምፃቸው፣ «ልጅዎን ይስጡን ብለን ነው።»

ጡረተኛው ጸሐፊ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ለቅዳሜ ከሰዓት» አሉ።

አባቴ የሰማውን የተጠራጠረ መሰለ። «ለምን አላችሁ?»

«ለቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ብቻ። በዐሥራ አንድ ሰዓት እንመልሳታለን።»

«የላካችሁ ማነው?»

«የሒሳቡ መምህር።»

ከዚያ አባቴ ቀስ ብሎ «ለራሱ?» አለ።

«አስተግፊሩላህ!» አሉ የመስጊዱ ሽማግሌ። «ለሄሬጋው እንጂ!»

እናቴ መቀነቷን አፏ ውስጥ ከተተች። እኔ የምስቅበት አቅም አልነበረኝም። አባቴ ግን አልሳቀም፤ ሽማግሌ በደጁ ቆሟል፣ የመጣበት ጉዳይ ምንም ይሁን ሥርዓቱ ሥርዓት ነው። «እናቷን ላማክር። ለሐሙስ ተመለሱ» አላቸው፣ የልጅ አባት እንደሚለው።

ተመለሱ። እሺ አላቸው። አንድ ነገር ብቻ ጠየቀ፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ዘበኛው ወንበር ይዘው የክፍሉ በር ላይ ይቀመጡ። ያን ጊዜ ተቀመጡ፣ ጫቱ ተፈታ፣ ዱዓ ተደረገ። «አላህ መጨረሻውን ያሳምረው» አሉ፤ «አሚን» ተባለ። የሒሳብ ክበብ ለመግባት ዱዓ የተደረገላት ሴት ከእኔ ሌላ መኖሯን እጠራጠራለሁ። ትምህርት ቤት ቢሰማ መሳቂያ ስለምሆን ለማንም አልተናገርኩም። ሽማግሌም የሄደበትን አያወራምና ነገሩ በዚያው ቀረ።

ሁለት ዓመት ያህል ቅዳሜዬን እንደዚያ አሳለፍኩ። ዘበኛው በር ላይ ያንቀላፋሉ፤ እኛ «ይረጋገጥ» የሚል ጥያቄ ላይ እንጨቃጨቃለን። በሕይወቴ ከዚያ የተሻለ ደስታ አላውቅም። ደሴ ሄደን ተሸንፈን ተመለስን፤ እሱም ደስ አለኝ። መምህሩ ዝውውር ደርሶት ወደ አገሩ ሲመለስ ክበቡን ለእኔ አስረከበኝ። ዐሥረኛን በጥሩ ውጤት አለፍኩ፤ ከመስኮቱ መዝጊያ ላይ የመጀመሪያውን መስመር በእጄ አበስኩት።

በዚያው ክረምት ሌሎች ሽማግሌዎች መጡ።

እነዚህ የምር ነበሩ። የላካቸው የአባቴን በሬዎች ከሰንበቴና ከባቲ የሚጭነው የአይሱዙ ባለቤት ነው። ልጁ ትምህርቱን ጥሎ በዚያው መኪና ላይ ረዳት ሆኗል፤ እኔ ሳልፍ ያፏጫል። ሽማግሌዎቹ ነጫጭ ጋቢ ለብሰው ነበር፣ አንደኛው የእናቴ አጎት ናቸው። እናቴ ልክ እንዳየቻቸው ስኳር ግዢ ብላ ላከችኝ። ቤታችን ውስጥ ስኳር እንዳለ አውቃለሁ።

ስኳሩን ይዤ እየሮጥኩ ስመለስ እየወጡ ነበር። ፊታቸውን አየሁ። እምቢ የተባለ ሽማግሌ ያስታውቃል፤ ጋቢውን አጥብቆ ይለብሳል፣ ዞር ብሎ አያይም፣ አይመርቅም። እነዚህ ግን አባቴን እጁን ይዘው «አላህ ያክብርህ፣ ደግ አደረግህ» እያሉት ነው። የእናቴ አጎት ራሴን ዳበስ አድርገው አለፉ።

ዕለቱን እናቴን ጠየቅኋት። «አባትሽን ጠይቂ» አለችኝ። አባትን ደግሞ እንዲህ ያለ ነገር አይጠይቁትም። ነውር መሆኑ አንድ ነገር ነው፤ ዋናው ግን ፈራሁ። እስካልጠየቅሁት ድረስ አልሆነም። ከጠየቅሁት ይሆናል።

ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይባላል። ከሚሴ ሁሉ ሲያውቅ እኔ የሰማሁት ገበያ ላይ ነው፤ ሽንኩርት የምትሸጥ ሴት መርቃ ሰጠችኝና «እንኳን ደስ ያለሽ፤ ታጭተሻል አሉ» አለችኝ። «ለማን?» አልኳት። ሳቀችብኝ፤ ሙሽራ ሁሉ እንዲህ እንደምትል ነገረችኝ። አክስቴ ደግሞ ወደ ጓዳ ስባ «ያ ሒሳብ ያስተምርሽ የነበረው ክርስቲያን እንዳይሆን ብቻ» ብላ ዓይኔን ታጠናኝ ጀመር። ደነገጥሁ። የሱን ስም እዚህ ውስጥ ምን አመጣው? ለሐሜት በቂ እንደሆንኩ ግን ገባኝ።

እንግዲህ ጂኦሜትሪ እንደሚሠራ ሰው የማውቀውን ሰበሰብኩ። ሽማግሌዎቹ ደስ ብሏቸው ወጥተዋል። የመኪናው ባለቤት ከአባቴ ጋር አልተኳረፈም፤ ይባስ ብሎ ወደ ባቲ ሲሄዱ ጋቢና ያስቀምጠዋል። ልጁ ማፏጨቱን ትቶ እኔን ሲያይ አንገቱን ይደፋል። አባቴ በሕይወቱ ስለ ትምህርቴ ጠይቆኝ የማያውቅ ሰው፣ «ዐሥራ ሁለተኛ የሚያልቀው መቼ ነው?» ይለኛል፤ ነግሬው በወሩ እንደገና ይጠይቀኛል። ለዒድ ቤቱ ሲቀባ ደግሞ የጓዳዬ መስኮት መዝጊያ ብቻ ሳይቀባ ቀረ። ቀቢውን ስጠይቀው «አባትሽ እሱን ተወው አሉኝ» አለኝ። ለምትሄድ ልጅ ክፍል ማን ቀለም ያባክናል? ማስረጃው ሁሉ ወደ አንድ ቦታ ይሄዳል፤ ተሰጥቻለሁ፣ ሠርጉ ዐሥራ ሁለተኛ ሲያልቅ ነው።

ዕቅዴን በሙሉ በዚህ ላይ ሠራሁት። መሰናዶ ስገባ አክስቶቼ ማኅበራዊ ሳይንስ ይቀልሻል አሉኝ፤ ይህን ሐሳብ ማን እንደሰጣቸው ስለጠረጠርኩ ተፈጥሮ ሳይንስ ገባሁ። ባዮሎጂን እየጠላሁ ሸመደድኩት፤ አንድ ነጥብ እንኳ ለመኪናው ባለቤት ልጅ ልተውለት አልፈለግሁም። ክበቦቼንም እንደዚሁ መረጥኩ። ሚኒ ሚዲያን ተውኩት፣ ድምፅን ከማስለመድ በቀር አይጠቅምም። የሴቶች ክበብ ገባሁ፤ የክበቡ ኃላፊ ከሴቶች ጉዳይ ቢሮና ከፖሊስ ጋር ስለምትተዋወቅ ሠርግ ቢመጣብኝ ምስክር ትሆነኛለች ብዬ ነው። ስፖርት ክበብ ገባሁ፤ ይህ ደግሞ ከጠለፋ ለማምለጥ ነው። ጠዋት ጠዋት ወደ ጨፋ በሚወስደው አስፋልት ዳር እሮጣለሁ፤ የመኪና ድምፅ ስሰማ እፈጥናለሁ። የስፖርት መምህሩ ጥሩ ተስፋ አለሽ ይለኝ ነበር። ተስፋ ሳይሆን ፍርሃት እንደሆነ አልነገርኩትም።

የሒሳብ ክበቡን ግን አልለቀቅሁም። እዚያ ስገባ ብቻ ደረቴ ይከፈታል። ወንዶቹ ሲቀልዱ ግን አልስቅም ነበር፤ ሳቄ አባቴ ጆሮ ደርሶ የሠርጉ ቀን እንዳይቀርብ እፈራለሁ። በሁለት ዓመት ውስጥ ፊቴ እንዴት እንደሚፈታ የረሳሁ ይመስለኛል። እናቴ አንዳንዴ ታየኝና የምትናገረው ያለ ይመስል አፏን ከፍታ ትዘጋዋለች። እሷንም ጠረጠርኳት።

የመጨረሻውን ፈተና ተፈተንን። ክረምቱን ቤት ውስጥ ጆሮዬን አቁሜ ጠበቅሁ፤ ሠርግ የሚያስመስል ድግስ ግን አልተጀመረም። እሱም አስጠረጠረኝ። ከዚያ ምደባው ወጣ፤ ዩኒቨርሲቲው በሰሜን በኩል ራቅ ያለ ነው፣ ትምህርቱ ሒሳብ። ሒሳብ የደረሳቸው ልጆች ኢንተርኔት ቤቱ በር ላይ ሲያለቅሱ ነበር፤ ማንም መርጦት አይገባም። የሚያዩኝ ሰዎች ደስታዬን እንዳያውቁብኝ አብሬያቸው አንገቴን ደፋሁ። ከዚያ በቀጥታ ወደ በረቱ ሄድኩ። አባቴ ለእሑዱ የሰንበቴ ገበያ የሚወስደውን በሬ እያሻሸ ነው። ያን ያህል ጊዜ የፈራሁትን ጥያቄ ቆሜ ጠየቅሁት።

«አባ፣ ለማን ነው የሰጠኸኝ?»

እጁን ከበሬው ጀርባ አላነሳም። «ማን ነገረሽ?»

«አገሩ ሁሉ።»

«ዱጋ ነው» አለ በኦሮምኛ፤ እውነት ነው ማለቱ ነው። «ሰጥቻለሁ።»

የበረቱን እንጨት ያዝኩ። «ለመኪናው ባለቤት ልጅ?»

«እሱማ ኋላ ነው የመጣው። እኔ የሰጠሁት ፊት ለመጡት ነው።»

«ፊት የመጣ ማን አለ?»

አሁን ዞሮ አየኝ። «ዘበኛው አልመጡም? ጫት ይዘው፣ ቆመው፣ ልጅዎን ይስጡን አላሉም? እሺ አላልኩም? ዱዓ አልተደረገም? ምን ቀረው?»

«እሱ እኮ ለሒሳብ ክበቡ ነበር» አልኩ።

«የመኪናው ሰውዬ ሽማግሌ ሲልክ» አለ፣ «እምቢ ብል ጥል ነው፤ በሬዬን የሚጭነው እሱ፣ ሽማግሌው የእናትሽ አጎት። እሺ ብል አንቺ አለሽ። ‹ቀድሞ የጠየቀ አለ፣ ቃሌን ሰጥቻለሁ፣ ዱዓም ተደርጎበታል› አልኳቸው። ቃሉን የሚያከብር ሰው ነው ብለው መረቁኝ እንጂ አልተቀየሙም። ‹ማነው?› አሉኝ። ‹ሩቅ ነው፤ ልጅቷ ትምህርቷን ስትጨርስ ትሄዳለች› አልኩ። ወላሂ አልዋሸሁም። ጥሎሽ የማያመጣ አማች ገጠመኝ እንጂ።»

መሳቅም ማልቀስም አማረኝ፤ ሁለቱንም ትቼ ተናደድኩ። «ታዲያ ለእኔ ብትነግረኝ ምን ነበረበት? ሁለት ዓመት ሙሉ ሞቼ ነው የከረምኩት! እናቴ ታውቃለች?»

«ታውቃለች። ልትነግርሽ ስንት ጊዜ ለመነችኝ። እኔ ነኝ የከለከልኳት።» በሬውን ለቆ ወደ እኔ መጣ። «ኢንተላ ኮ፣ ልጄ፣ ብነግርሽ ትስቂ ነበር። የመኪናው ሰውዬ ነጋዴ ነው። በሬ ስትገዢ የባለቤቱን አፍ አትሰሚም፤ የበሬውን ዓይን ነው የምታይው። እሱም የእኔን ቃል ሰምቶ ዝም አላለም። አስፋልቱ ዳር መኪናውን እያቆመ ሲያይሽ ነው የከረመው። ከወንድ ጋር አትስቂም። ፊትሽ ከሰል ነው። ዐይቶ ዐይቶ ‹እውነትም ለማትወደው ሰው ተሰጥታለች› ብሎ ነገረኝ፤ አዘነልሽም። በእኔ ቃል አላመነም። በፊትሽ ነው ያመነው።»

እንደ በሬ መታየቴ እስከ ዛሬ ያናድደኛል። ያን ዕለት ምሳ አልበላሁም፤ ከእናቴም ከእሱም ጋር አልተነጋገርኩም። ማታ መስኮቴን ስዘጋው ግን መዝጊያው ላይ «ሒሳብ» የሚለው ጽሑፌ እንዳለ ነበር። አባቴ ማንበብ አይችልም። የማያነበውን ነገር እንዳይቀባ አድርጎታል።

የምሄድበት ቀን መናኸሪያው ውስጥ ጎረቤቶቻችን ተሰበሰቡ። ሽንኩርት ሻጯም መጥታ ነበር። የመኪናው ባለቤት አይሱዙውን ዳር አቁሞ ከአባቴ አጠገብ ቆመ። አባቴ ሻንጣዬን ወደ አውቶቡሱ ጣሪያ እያቀበለ ጆሮዬ ሥር ጎንበስ አለና «ፉላ ኬ» አለኝ፤ ፊትሽን ማለቱ ነው። ረስቼው እየሳቅሁ ነበር። ቶሎ ብዬ አጠቆርኩት።

«አይዞህ» አለው የመኪናው ባለቤት አባቴን፣ በእውነተኛ ሐዘኔታ፤ «ትለምደዋለች።»

«ኢንሻአላህ» አለ አባቴ።

አውቶቡሱ ሲነሳ በመስኮቱ አየሁት። ፊቱ ጠቁሮ ነበር፤ ከንፈሩ ተጣብቋል፣ እጁን እንኳ አላነሳልኝም። ለሰውዬው እያስመሰለ ነው አልኩ በሆዴ። ቀጣዩ ከተማ ሐርቡ እስክንደርስ ድረስ ደጋግሜ እንደዚያው አልኩ። ግን የመኪናው ባለቤት ከአጠገቡ ዞር ካለ በኋላም፣ አውቶቡሱ ከመታጠፉ በፊት ባየሁት ጊዜ፣ ያው ፊቱ ነበር።